ጀልባ እየነዱ ሳልመን ማጥመድ፦ ሚሺጋን ሐይቅ ላይ ለሚጀምር ሰው

የመጀመሪያው ዓመት 37 ማባበያ (ዓሣ የሚያታልል፣ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ ነገር) ገዛሁ። የያዝኩት ዓሣ ሦስት ነው። ሱቅ ውስጥ የነበረው ልጅ "ይኼኛው ዘንድሮ እሳት ነው" እያለ ያሳየኛል፣ እኔ እከፍላለሁ። አረንጓዴ፣ ብርማ፣ ሐምራዊ፣ በጨለማ የሚያበራ፣ ምን ያልገዛሁት አለ! ሣጥኑ ሲከፈት የመርካቶ ጌጣጌጥ ተራ ይመስል ነበር።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ዓሣው ቀለሙን ከማየቱ በፊት ማባበያው እሱ ያለበት ቦታ መድረስ አለበት። ስለዚህ እዚህ ስለ ጥልቀት፣ ስለ ውሃ ሙቀትና ስለ ፍጥነት ብዙ አወራለሁ። ስለ ቀለም ትንሽ።

ትሮሊንግ የሚሉት ጀልባውን በዝግታ እየነዱ ከኋላ ማባበያ መጎተት ነው። አብረውኝ የሚወጡ አንድ ጋሼ አሉ፤ ልጅነታቸውን ዝዋይ ሐይቅ ዳር ያሳለፉ። መጀመሪያ ቀን ሲያዩት "እኛ አገር መረባችንን ጥለን ዓሣው እስኪመጣ እንጠብቅ ነበር። እዚህ እኛው እየዞርን ልንለምነው ነው?" ብለው ሳቁ። አዎ፣ እየዞርን ነው የምንለምነው።

ሐይቁ ውስጥ ማን አለ?

ሚሺጋን ሐይቅ ከቺካጎ ዳርቻ ሆነው ቢያዩት ማዶው አይታይም። ጥልቁ ቦታ 923 ጫማ ይወርዳል። ሐይቅ መባሉን እርሱትና ባሕር ነው ብላችሁ ውጡ።

ሳልመን የዚህ ሐይቅ ተወላጅ አይደለም። ድሮ የውሃው ጌታ ሌክ ትራውት የሚባል ዓሣ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ላምፕሪ የሚባል እባብ መሳይ ደም መጣጭ ገባና፣ ከሰው አጥማጅ ጋር ተጋግዘው ጨረሱት። የሚበላቸው ሲጠፋ ደግሞ አሌዋይፍ የሚባሉ ከባሕር የመጡ ትናንሽ ዓሦች እንደ አሸን ፈሉ። በ1967 በገፍ ሞተው የባሕር ዳርቻው ላይ ተከመሩ። የሚሺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ የነበሩት ሃዋርድ ታነር ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1966፣ ከኦሪገን በመጣ እንቁላል የተፈለፈለ ኮሆ ሳልመን አስለቅቀው ነበር። በ1967 ቺኑክ የሚባለው ሌላው ሳልመን ተከተለ። ሳልመኑ የመጣው አሌዋይፉን እንዲበላ ነው፤ ዛሬም የሚከተለው እሱኑ ነው። አሌዋይፍ በሌለበት ውሃ ላይ መዞር ቤንዚን ማቃጠል ነው።

ዋናዎቹ አምስት ናቸው። ቺኑክ ትልቁ ነው፤ ሰው ሁሉ "ኪንግ" ይለዋል፤ 15 እና 20 ፓውንድ የሚደርስ ይገኛል። ኮሆ አነስ ይላል፤ ሲበላ ግን እንደሱ የለም። ስቲልሄድ ሲያዝ ከውሃው እየዘለለ የሚወጣው ነው። ብራውን ትራውት ዳር ዳሩን ይወዳል። ሌክ ትራውት የታች ሰው ነው፤ ቀዝቃዛውና ጥልቁ ቦታ ላይ ይተኛል። በነገራችን ላይ ትራውት እኛም አገር አለ፤ ከኬንያ መጥቶ ባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ተለቅቋል። እዚያ ግን ወንዝ ዳር ቆሞ ነው የሚጠመደው፤ ሌላ ሙያ ነው።

መቼ ልውጣ?

ለጀማሪ የምመክረው ፀደይን ነው። የሐይቁ ደቡብ ጫፍ ቀድሞ ስለሚሞቅ ከማርች መጨረሻ እስከ ሜይ ድረስ ኮሆው ቺካጎና ዋኪገን አካባቢ ዳር ላይ ይሰበሰባል። ከ10 እስከ 30 ጫማ ጥልቀት ባለው ውሃ ላይ፣ በትንሽ ጀልባ፣ ብዙ ዕቃ ሳይኖር ይያዛል። ብርቱካንማና ቀይ ትናንሽ ማባበያዎች ይበቃሉ። ወቅቱ ደግሞ ከሁዳዴ ጋር ይገጥማል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለየቤታችሁ ትቻለሁ።

በጁንና ጁላይ ዓሣው ቀዝቃዛ ውሃ ፍለጋ ወደ ውስጥና ወደ ታች ይሄዳል። ትልቁ ትምህርት ያለው እዚህ ጋ ነው። በኦገስት መጨረሻና በሴፕቴምበር የጎለመሰው ቺኑክ እንቁላሉን ሊጥል ወንዝ አፍና ወደብ አካባቢ ይመጣል፤ ጥሎም ይሞታል። በዚያን ጊዜ መብላት እያቆመ ነው፤ የሚነክሰው ተናድዶ ይመስለኛል።

ከመውጣታችሁ በፊት

ፈቃድ አውጡ። ኢሊኖይና ዊስኮንሲን ከተራው የማጥመጃ ፈቃድ ሌላ ለሳልመንና ትራውት የተለየ ቴምብር ይጠይቃሉ። የግዛቱ ድንበር ውሃው ላይም እንደሚቀጥል አትርሱ። ከዊንትሮፕ ሃርበር ተነስታችሁ ወደ ሰሜን ትንሽ ከተጓዛችሁ ዊስኮንሲን ገብታችኋል፤ የኢሊኖይ ወረቀት እዚያ አያወጣችሁም። በቀን ስንት ዓሣ፣ በሰው ስንት ዘንግ የሚለው ከግዛት ግዛት ስለሚለያይ የየዓመቱን ደንብ አንብቡ።

ከዚያ የአየር ጠባይ። የኖኣን (የአሜሪካ መንግሥት የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት) የሐይቅ ትንበያ ማታም ጠዋትም እዩ። ቺካጎና ሚልዋኪ በሐይቁ ምዕራብ ዳር ስለሆኑ የምሥራቅ ነፋስ ማዕበሉን ከሩቅ እየገፋ ያመጣዋል፤ ይኼ ገና ከወደቡ ይታያል። የሚያታልለው የምዕራብ ነፋስ ነው። ከመሬት ወደ ውሃ ስለሚነፍስ ዳር ላይ ሐይቁ እንደ መስተዋት ነው። አምስት ማይል ከገባችሁ በኋላ ዞራችሁ ስትመለሱ ነው ጉዱ የሚታየው። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ?

ላይፍ ጃኬቱን ልበሱት። መቀመጫ ሥር የተቀመጠ ጃኬት አያድንም። በሜይ ውሃው 40ዎቹ ፋረንሃይት ውስጥ ነው፤ ጎበዝ ዋናተኛም ቢሆን በደቂቃዎች ውስጥ እጁ አልታዘዝ ይለዋል። ቪኤችኤፍ ሬዲዮ ያዙ፣ ለአደጋ ቻናል 16 ነው። ስልክ ከዳርቻ ሲርቁ ይከዳል። የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ለቤት ሰው ንገሩ።

ጀልባ ከሌላችሁ ለመግዛት አትቸኩሉ። አራት አምስት ሆናችሁ አዋጡና ካፒቴን ያለው ጀልባ ለግማሽ ቀን ተከራዩ። በዚያ ግማሽ ቀን ስለ ዓሣው ሳይሆን ስለ ካፒቴኑ እጅ አስቡ። ክሩን ስንት ጫማ ለቀቀ? ፍጥነቱን መቼ ቀየረ? ጠይቁት። አብዛኞቹ መናገር ይወዳሉ።

ዕቃው

ለመጀመር አራት ዘንግ ይበቃል። ሁለቱ ለዳውንሪገር፣ ሁለቱ ለዳይቨር፤ ሁለቱም ማባበያውን ወደ ታች የሚያወርዱ ናቸው። ሪሎቹ (ክር መጠቅለያዎቹ) የወጣውን ክር በጫማ የሚቆጥሩ ይሁኑ፤ በዚህ ላይ አትሰስቱ። ዓሣ የነከሰበትን ልክ ካላወቃችሁ ሁለተኛውን መያዝ ዕድል ነው። ለዳውንሪገር 20 ፓውንድ የሚችል ነጠላ የናይለን ክር፣ ለዳይቨር የማይለጠጥ የተጎነጎነ ክር ከ40 እስከ 50 ፓውንድ።

ዳውንሪገር የሚባለው ጀልባው ጠርዝ ላይ የሚታሰር ጥቅልል ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ከ10 እስከ 15 ፓውንድ የሚመዝን የብረት ኳስ ይንጠለጠላል። የዓሣ ክራችሁን ኳሱ አጠገብ ባለ መቆንጠጫ ታሲዙታላችሁ፤ ኳሱ ይዞት ይወርዳል። ዓሣ ሲነክስ መቆንጠጫው ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ በእናንተና በዓሣው መካከል ብረት የለም።

ከማባበያ ሦስት ዓይነት ይኑራችሁ። አንደኛው ስፑን ነው፤ እጀታው የተቆረጠ ማንኪያ የመሰለ ቀጭን ብረት፣ ሲጎተት እንደቆሰለ ዓሣ ይወላገዳል። ሁለተኛው ፍላሸር ከዝንብ ጋር፤ ፍላሸሩ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነው፣ ከኋላው ከ20 እስከ 28 ኢንች ርቀት ላይ በፀጉርና በክር የተሠራ ዝንብ ይከተላል። ሦስተኛው የዓሣ ቅርጽ ያለው ተንሳፋፊ ማባበያ፣ ለፀደይ። በቃ። የቀረውን 34 ከእኔ መበደር ይቻላል።

ቀለም ላይ የማውቀው ይኼን ነው። ቀይ ወደ ታች ሲወርድ ቶሎ ይጠፋል፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ይቆያሉ። ፀሐይ ሳትወጣ በጨለማ የሚያበራውን፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርማውን እጥላለሁ።

ቀዝቃዛውን ውሃ መፈለግ

በበጋ፣ ማለትም በዚህ አገር የሙቀት ወራት፣ የሐይቁ ውሃ እንደ ሁለት ብርድ ልብስ ይደራረባል። ላይኛው ሞቃት፣ ታችኛው ቀዝቃዛ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቴርሞክላይን ይባላል፤ በጥቂት ጫማ ውስጥ ሙቀቱ ወርዶ ይፈጠፈጣል። የዓሣ መፈለጊያው መሣሪያ ስክሪን ላይ አንዳንዴ እንደ ጭጋግ መስመር ሆኖ ይታያል።

ቺኑክ በ50ዎቹ ፋረንሃይት መጀመሪያ ላይ ያለ ውሃ ይወዳል፤ ዕድሜ ልኩን እዚህ ሐይቅ ላይ ያረጀ አጥማጅ ሁሉ "54 ዲግሪን ፈልግ" ይላል። ኮሆም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ስቲልሄድ እስከ 60 ድረስ ስለሚችል ከላይ ይሆናል። ሌክ ትራውት ከ45 እስከ 50 ያለው ውሃ ውስጥ ወለሉ አጠገብ ነው። እንግዲህ 54 ዲግሪው 60 ጫማ ላይ ከሆነ አንዱን ኳስ 60፣ ሌላውን 75 ላይ አድርጉ፤ ዳይቨሮቹን ከዚያ ከፍ አድርጉ።

ይህ መስመር ግን ቦታው አይጸናም። ከመሬት የሚነፍስ ነፋስ ለአንድ ሁለት ቀን ከቆየ ሞቃቱን ውሃ ወደ ውስጥ ይገፋና ቀዝቃዛው ዳር ድረስ ይወጣል። ከሐይቅ ወደ መሬት ከነፈሰ ተቃራኒው ነው። ትናንት 60 ጫማ ላይ ስድስት የያዘ ሰው ዛሬ እዚያው ቦታ ባዶ እጁን የሚመለሰው ለዚህ ነው። እኔ መጀመሪያ "ዓሣው አለቀ" እል ነበር። ሄዶ እንጂ መች አለቀ።

ለሙቀት የሚሆን ገንዘብ ካላችሁ ኳሱ ላይ የሚታሰር፣ ሙቀትና ፍጥነት የሚነግር መለኪያ ግዙ። ውድ ነው። ካላችሁ ግን ከ37 ማባበያ ይሻላል።

ክሩን ማውረድ፣ ደረጃ በደረጃ

ጀልባውን ቀጥ አድርጋችሁ፣ በተቻለ ከማዕበሉ ጋር፣ በሰዓት 2.5 ማይል ገደማ ንዱ። አንድ ሰው መሪው ላይ ይሁን፤ ሁለት ሰው ክር ላይ ሆኖ መሪው ባዶ ከሆነ ነገሩ ይበላሻል።

መጀመሪያ ማባበያውን ጀልባው ጎን ውሃ ውስጥ አስገቡና እዩት። ስፑኑ ይወላገዳል ወይስ እንደ እንዝርት ይሽከረከራል? ከተሽከረከረ ፍጥነቱ በዝቷል ወይም ሣር ይዟል። ይህችን አሥር ሰከንድ የሚዘል ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ሣር ይጎትታል።

ከዚያ ከ15 እስከ 25 ጫማ ክር ወደ ኋላ ልቀቁ። ዳር ላይ፣ ጥልቀት በሌለው ጥርት ባለ ውሃ ግን ዓሣው ጀልባውን ስለሚፈራ ከ50 እስከ 100 ጫማ አርቁ። ክሩን መቆንጠጫው ውስጥ አስገቡ። አሁን አውራ ጣታችሁን ሪሉ ላይ ጫን አድርጋችሁ፣ ክሩ እየወጣ ግን ሳይላላ፣ ኳሱን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ኳሱን ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት ማባበያው ወደ ኋላ መጎተቱ ይቀርና መንጠቆው ሽቦው ላይ ይጠመጠማል። እንዴት እንደማውቅ አትጠይቁኝ።

ኳሱ ልኩ ሲደርስ ዘንጉን መያዣው ውስጥ ሰክታችሁ ክሩን አጥብቁ፤ ዘንጉ እንደ ቀስት እስኪጎብጥ። ይህ ጉብጠት ሥራ አለው። ዓሣው መቆንጠጫውን ሲያስለቅቅ ዘንጉ በራሱ ቀና ይልና የላላውን ክር ይሰበስባል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኳሱ በውሃው ግፊት ወደ ኋላ ይሸሻል። ቆጣሪው 80 ጫማ ቢልም ሽቦው ካዘመመ እውነተኛው ጥልቀት ያነሰ ነው። በጣም ሲያዘም ክብደቱን ጨምሩ።

ሁለቱ ዳውንሪገሮች ከወረዱ በኋላ ዳይቨሮቹ ይከተላሉ። ዳይቨር ሣህን የመሰለ ክብ ፕላስቲክ ነው፤ ሲጎተት ውሃውን እየቀዘፈ ወደ ታችና ወደ ጎን ይሄዳል። ሥሩ ላይ ከ0 እስከ 3 ቁጥር አለው። 0 ቀጥታ ወደ ታች ይጠልቃል። ቁጥሩ ሲጨምር ወደ ጎን ይርቃል፣ ጥልቀቱ ይቀንሳል። 3 ላይ ከለቀቃችሁት ክር በግምት አንድ ሦስተኛው ያህል ይወርዳል፤ 150 ጫማ ብትለቁ 50 ጫማ አካባቢ ናችሁ። የሪሉን ፍሬን ክሩ እንዳይሸሽ ያህል ብቻ አጥብቁት፤ ዓሣ ሲመታ ግን መልቀቅ አለበት።

ፍጥነት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሸነፈው። ለቺኑክ ከ2.2 እስከ 2.8 ማይል በሰዓት፣ ለሌክ ትራውት ቀነስ አድርጎ ከ1.5 እስከ 2። ጂፒኤሱ የሚነግራችሁ ግን የጀልባውን ፍጥነት ነው። ማባበያው 80 ጫማ ታች ነው፤ እዚያ ደግሞ ላይ የማይታይ የውሃ ፍሰት አለ። ላይ 2.5 ስትሄዱ ታች 1.8 ወይም 3.2 ሊሆን ይችላል።

መለኪያ ለሌለው ሰው ዘዴ አለ። የሽቦውን ማዘንበል እዩ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ሽቦው በጣም ካዘመመ፣ ወደ ደቡብ ስትመለሱ በዚያው የጂፒኤስ ፍጥነት ቀጥ ካለ፣ ፍሰቱ ከሰሜን ነው። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ዓሣ እየነከሰ በመልሱ ዝም ካለም ምክንያቱ ያው ነው። ዓሣው አልጠፋም፤ ፍጥነታችሁ ተቀይሯል።

ሁለተኛው ዘዴ መዞር ነው። ቀጥ ብላችሁ አትሂዱ፤ እንደ እባብ በሰፊው ተጠማዘዙ። ስትዞሩ በውጪ በኩል ያለው ክር ይፈጥናል፣ ከፍ ይላል። በውስጥ በኩል ያለው ይዘገያል፣ ይወርዳል። የውጪው ከተነካ ፍጥነት ጨምሩ። የውስጡ ከተነካ ቀንሱ። ዓሣው እየነገራችሁ ነው።

ግን በሰፊው። እኔ አንድ ቀን ቡና ልቀዳ ስል መሪው አመለጠኝና ጀልባው ባለበት ዞረ። አራቱም ክሮች፣ ሁለቱም ሽቦዎች፣ አንድ ላይ ሹሩባ ተሠሩ። ጋሼ መቀስ አቀበሉኝ፣ ምንም አላሉም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሲነክስ

የዳውንሪገሩ ዘንግ ጭንቅላቱን አንዴ ነቅነቅ ያደርጋል። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው መልሶ እስከ ውሃው ይጎብጣል፣ ሪሉም ይጮኻል። ያን ጊዜ የሁሉም ሰው ልብ አብሮ ይጮኻል፤ ጥፋትም የሚሠራው ያኔ ነው።

ዘንጉን ከመያዣው አውጡና ክብደቱ እስኪሰማችሁ በፍጥነት ጠቅልሉ። ወደ ላይ አትመንጭቁ። ጀልባውን አታቁሙ፤ ከቆመ የቀሩት ክሮች ወደ ታች ሰጥመው ይጠላለፋሉ፣ የያዛችሁትም ይላላል። ቺኑክ ከሆነ ይሮጣል። 100 ሜትር ክር ይዞ ሲሄድ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ፍሬኑን ማጥበቅ ያምራል፤ አታጥብቁ። ክር የሚበጠሰው ያኔ ነው። ሲደክም ዘንጉን ቀስ እያላችሁ አንሱ፣ ዝቅ እያደረጋችሁ ጠቅልሉ።

መረቡ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ትዕግሥት ይኑረው። መረቡ ዓሣውን አያሳድድም። ውሃ ውስጥ ጠልቆ ይጠብቃል፣ ባለ ዘንጉ ዓሣውን በጭንቅላቱ በኩል ይመራለታል። ከጅራቱ በኩል የመጣ መረብ ዓሣውን ያስደነግጠዋል እንጂ አይዘውም።

ከጀልባ እስከ ምጣድ

የምትበሉትን ዓሣ ወዲያው ስንጥቡን (መተንፈሻውን) ቆርጣችሁ ደሙን አፍስሱ፣ ከዚያ በረዶና ውሃ ውስጥ ክተቱ። ሳጥኑ ውስጥ ፀሐይ ላይ የዋለ ሳልመን ማንም ቢሠራው አይጣፍጥም።

የዚህ ሐይቅ ዓሣ ስቡ ውስጥ ፒሲቢ የሚባል የቆየ የኢንዱስትሪ ኬሚካል ይከማቻል። ትልልቁና ሌክ ትራውቱ ይብስባቸዋል። ስለዚህ ለምግብ ትንሹን ምረጡ፤ ቆዳውን፣ የሆዱን ስብና በጎኑ የሚሄደውን ጠቆር ያለ ሥጋ አንሱ። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላለበት ቤት ግዛቱ የሚያወጣውን በወር ስንት ጊዜ ይበላ የሚል ምክር ተከተሉ።

ሐዋሳ አሞራ ገደል ጥሬውን የበላ ሰው እዚህም ያምረዋል። ይቅር። ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ውስጡ 145 ፋረንሃይት እስኪደርስ ይብሰል። ኮሆ ለጥብስ አንደኛ ነው፤ የራሱ ስብ ስላለው ዘይቱን ቀንሱ፣ ቃሪያና ሽንኩርቱን መጨረሻ ላይ ጣል። ጉላሽ ከሆነ ቁርጡን ወፈር አድርጉት፣ አለበለዚያ ይፈራርሳል።

ከውሃው ስትወጡ የጀልባውን ውሃ በሙሉ አፍስሱ፣ ሣሩን ከተጎታቹ ላይ ልቀሙ። የአንዱን ሐይቅ ቀንድ አውጣ ወደ ሌላው የምናመላልሰው እኛው ነን።

ማታ ደግሞ እጃችሁ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ይህን ጻፉ። ከእኔ ደብተር ላይ አንዱ ቀን እንዲህ ይላል፦ "ጁላይ፣ ቅዳሜ። የምዕራብ ነፋስ ለሁለት ቀን። 54 ዲግሪው 45 ጫማ ላይ። አረንጓዴ ስፑን፣ ኳስ 50 ጫማ፣ 20 ጫማ ወደ ኋላ። ወደ ደቡብ 2.6 ብቻ፤ ወደ ሰሜን ምንም። ኪንግ 2፣ ስቲልሄድ 1። አንድ አመለጠ፣ ጋሼ ፍሬን አጠበቁ። እኔም ዝም አልኩ።"